ነሐሱን የያዝሁበት ቀን

የዚያን ቀን ጠዋት ውሃ እያጠለልሁ ነበር። ውሃ በጋሪ የሚያዞረው የካሮው ሰውዬ አህያውን ከአጥሩ ሥር አቁሞ፣ ከበርሚሉ በጀሪካን እየቀዳ ያቀብለኛል፤ እኔ በዚሩ አፍ ላይ ነጭ ሻሽ አስሬ ቀስ እያልሁ እገለብጣለሁ። ዚር እዚህ ገዳሪፍ ውሃ የምናቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን ነው። ኸሪፍ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ሊገባ ሲል ውሃው ይደፈርሳል። ሻሹ ላይ ጭቃ ይቀራል፣ ቅጠል ይቀራል፣ አንዳንዴ የሚላወስ ነገርም ይቀራል። ጋኑ ገና ሳይጋመስ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«እትዬ፣ ዛሬም የለም» አለችኝ። ደህና አደርሽ እንኳ አላለችኝም።

የለም ያለችው ውሃውን ነው። እሷ ያለችው ከዶካ ወዲያ፣ በገላባት መንገድ ካለው የስደተኛ ካምፕ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው። ዶንኪ ይሉታል፤ ሞተር አለው፣ ውሃውን ከምድር ስቦ የሚያወጣው ሞተሩ ነው። ከሞተሩ ዘንግ ላይ አንድ የነሐስ ቀለበት ተበልቶ ቆመ። ቆሞ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። አዲሱ ቀለበት የሚሠራው ደሞ እኔ ከምሠራበት ወርሻ፣ ከብረት መሥሪያው ቤት ነው። እህቴ ይህን ስላወቀች በየጠዋቱ በሰው ስልክ እኔን ትጠይቀኛለች፣ የወርሻው ባለቤት እኔ ይመስል።

«ከኾሩ ነው የምንቀዳ» አለችኝ፤ ኾር የጎርፍ መውረጃው ነው። «ላሙም አህያውም ይገባበታል።»

«አፍልተሽ ጠጪ።»

«በምን እንጨት?»

«ዛሬ ይለካል» አልኋት። «የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ደህና አድርገሽ ያዢው» አለችና ሳቀች።

የእናቴ የመጨረሻ ናት እሷ። እናታችን እሷን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ ጡት አላጠባኋትም እንጂ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ አገር ስሻገር ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። እስከ ወንዙ ድረስ እያለቀሰች ተከተለችኝ፣ ሰው ይዞ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ያገናኘን የሰው እጅ ነው፤ እኔ ስኳርና ጨርቅ እልክላታለሁ፣ እሷ በርበሬ ትልክልኛለች። ከማዶ ተኩሱ ከቀዬዋ ሲገባ ነው የተሻገረችው። ነይ ከኔ ጋር ኑሪ ብላት እምቢ አለች። ልጇ በመንገድ ተነጥሏት ነበር። «የሚፈልገኝ እዚህ ነው፣ ካርዴም እዚህ ነው» ትለኛለች። ልጅ የጠፋባት ሴት ከቆመችበት አትነቀልም።

ወርሻው ከሰሊጡ ገበያ ጀርባ፣ ትራክተርና ሎሪ ከሚጠገንበት ሰፈር ነው። እዚያ የገባሁት ለመጥረግ ነው። እጠርጋለሁ፣ ዘይት የጠጣውን ብረት በናፍጣ አጥባለሁ፣ ሻይ አፍልቼ ወደ ቤቴ። ባለቤቱን ባሽሙሃንዲስ ነው የምንለው፤ እዚህ አገር መሐንዲስ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራ። የኻርቱም ሰው ነው። ጦርነቱ ከኻርቱም ሲያስወጣው በሎሪ የጫነው አልጋ አይደለም፣ ፍሪጅ አይደለም። የመለኪያውን መኪና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጫነ።

መኪናው ሥሩ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የጠረጴዛ ያህል። በላዩ እንደ በር መቃን ያለ ብረት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ከመቃኑ አንዲት ቀጭን መርፌ ትወርዳለች፤ ጫፏ ላይ ቀይ ፍሬ አለች፣ ከማሽላ ፍሬ የማትበልጥ። ያቺ ፍሬ ብረቱን እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ ታደርጋለች። የነካችበትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ይይዝና ብረቱ ክብ ይሁን ጎባጣ፣ ይጥበብ ይስፋ ይናገራል። ከጸጉር ያነሰውን ጉድለት ያያል። ክፍሉ ደሞ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል፣ እኔ ነጠላዬን ደርቤ ነበር የምገባ። ብረቱ ከፀሐይ ገብቶ ወዲያው አይለካም፤ እዚያ አድሮ ይረጋል። እንደ መንገደኛ ነው፣ ገና ሳይቀመጥ ወሬ አይጠየቅም።

ብረቱን እያሽከረከረ የሚቀርጸው የቶርኖ ሠራተኛ የመተማ ሰው ነው። ምላሱ አያርፍም።

«ሰው ሚስቱን ይዞ ይሸሻል፤ አንተ ድንጋይ ይዘህ ሸሸህ» ይለዋል ባሽሙሃንዲሱን።

«ሚስቴ እግር አላት» ይላል እሱ። «ድንጋዩ ማን አለው?»

መኪናው መጣ እንጂ መያዣው አልመጣም። ብረት ሲለካ በሥርዓት ተይዞ መቆም አለበት፤ የሚይዙት ብረታ ብረቶች ሁሉ ኻርቱም ቀርተዋል፣ እሱ እንደሚለው ሌባ ወስዶ በኪሎ ሸጧቸዋል። አንድ ቀን የትራክተር ማርሽ የሚቀመጥበትን ከባድ ቤት በአራት ብረት ላይ አስቀምጠው ይታገላሉ። ይነቃነቃል። ወረቀት ይጎዘጉዙለታል፣ በወዲያ ሲረጋ በወዲህ ይነሳል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ አያለሁ።

«አራተኛውን አውጡት» አልሁ።

«ምን አሉ እማማ?» አለኝ የቶርኖው።

«አራት ጉልቻ አይተህ ታውቃለህ? ድስት የሚረጋ በሦስት ነው።»

የቶርኖው እየሳቀ ባረብኛ ነገረው። ባሽሙሃንዲሱ አልሳቀም። አንዱን ብረት ሳብ አደረገው፣ ያ ከባድ ነገር ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ይህን እኔ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሁት» አለ። «እንዴት ረሳሁት።» ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ «ሃቦባ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪው» አለኝ። ሃቦባ አያቴ ማለት ነው በነሱ አፍ። ይህን የምትጽፊልኝ አንቺም እንዲያ ነው የምትይኝ።

ከዚያ ወዲህ ያዥ ሆንሁ። መያዝ ብቻውን ሥራ ነው ወይ ትይ ይሆናል። ነው። አላልተሽ ከያዝሽ መርፌዋ ስትነካው ብረቱ ይሸሻል። አጥብቀሽ ከያዝሽ ደሞ ሌላ ጉድ አለ። መጀመሪያ ቀን ባዶ የሰልሳ ጣሳ ሰጠኝ፣ ይሄ የቲማቲም ድልህ የሚሸጥበትን።

«ጨብጪው» አለኝ። ጨበጥሁት፣ ወደ ውስጥ ገባ።

«አሁን ብለካው የምለካው ጣሳውን ነው ያንቺን እጅ?»

«የኔን እጅ።»

«ስለዚህ ሁለት ጣት» አለኝ። ትንሽ ሞርሳ ነበረችው፤ ብረቱን ከግራና ከቀኝ የምትይዝ፣ መንጋጋዋ ላይ ቆዳ ያለበሰላት። ብሎኗ የሚጠበቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ነው። ክንድ አይገባበትም። ብረቱ እምቢ ሲል ስታውቂ ማቆም ነው። ሁለት ሰሊጥ አጨዳ አለፈ፣ እንዲያ ስይዝ። የወፍጮ ብረት ይዣለሁ፣ የዘይት መጭመቂያ ይዣለሁ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጣ የመስኖ በር ብረት ይዣለሁ። አንድም ቀን በኔ አያያዝ የተበላሸ አልነበረም። እንዲያውም የቶርኖው ሥራው ሲወድቅበት፣ «እማማ፣ ትንሽ ቢያዳሉልኝ ምን አለ?» ይለኝ ነበር። «ያበላሸኸውን አንተ አቃናው» እለዋለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ወርሻ ስደርስ ከካምፑ የመጣው ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ የውሃው ኃላፊ ነው፣ ጎልማሳ ሰው። ሎሪው ሞተሩን ሳያጠፋ ከጎኑ አለ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ያ መንገድ ከዶካ ወዲያ ጥቁር ጭቃ ነው፤ አንዴ በደንብ ከዘነበበት ሎሪ አያልፍበትም። ዛሬ ካልሄደ መቼ እንደሚሄድ አላህ ነው የሚያውቅ።

ቀለበቱ ከቀዝቃዛው ክፍል አድሯል። አነሳሁት። የሕፃን አምባር ያህላል፤ ቀጭን ነው፣ ውፍረቱ ከጥፍር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሞርሳው በሁለት ጣት ያዝሁት። መርፌዋ ወረደች፣ ውስጡን እየዞረች ነካካችው። ባሽሙሃንዲሱ ኮምፒውተሩን አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«ሞላላ ነው» አለ።

«በስንት?» አለ የቶርኖው።

«በጸጉር ግማሽ።»

«የጸጉር ግማሽ ለማን ይታያል?»

«ለኔ አይታይም። ዘንጉ ግን ያየዋል። ሌላ ሥራ።»

«ከምን ልሥራ? ነሐሱ እኮ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ከፖርት ሱዳን ነው የሚመጣ፤ ሳምንት ነው፣ ሁለት ሳምንት ነው።»

ከበሩ ሎሪው ጡሩምባውን ነፋ። ባሽሙሃንዲሱ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። የዙህር አዛን እየተባለ ነበር።

«ሃቦባ፣ ፍቺውና ጥረጊው» አለኝ። «ድንጋዩንም ጥረጊው። ከሥሩ ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል። መልሰሽ ያዢው፤ ሰግጄ ስመለስ እንደገና እንለካዋለን። ያው ከሆነ ይቅር፣ አይሄድም።»

ወጡ። ብቻዬን ቀረሁ። ቀለበቱን ጠረግሁት፣ ቆሻሻ የለውም። ድንጋዩን ጠረግሁት፣ ቆሻሻ የለውም። ቆሻሻ ከሌለ የሞላላው ቀለበቱ ነው ማለት ነው፣ ከሞላለ አይሄድም፣ ካልሄደ እህቴ ነገም ከኾሩ ልትጠጣ ነው። መልሼ ሞርሳው ውስጥ አስገባሁት፣ በየትኛው ጎኑ እንደሆነ ልብ አላልሁም። በሁለት ጣት አጠበቅሁት፣ እምቢ አለኝ። ማቆም ነበረብኝ። መዳፌን ጨመርሁበትና ሩብ ዙር አዞርሁት።

ይህን እንዳልሁሽ አድርገሽ ጻፊው። እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ነው እያልሁ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ያ የሰልሳ ጣሳ በዓይኔ ላይ ነበር። አስታውሼው ነው ያጠበቅሁት። እንጃ፣ ምናልባት ነሐስ እንደ ጣሳ አይደለም ብዬ ይሆናል፤ ምናልባት ትንሽ ነው ብዬ ይሆናል። ለሌላ ሰው ብረት አላደርገውም ነበር። የሰውን ሁሉ በሁለት ጣት ይዤ፣ የሥጋዬን ጨመቅሁት።

ያን ቀን ዙህርን አልሰገድሁም።

ባሽሙሃንዲሱ ተመልሶ ገባ። ሎሪው አሁንም ይጮሃል። ጀኔሬተሩም ናፍጣው እያለቀ ያስላል። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«ሁለት ጣት?»

«ሁለት ጣት» አልሁት።

መርፌዋ ዞረች። እሱ አየ፣ እንደገና አዞራት፣ እንደገና አየ። ከዚያ ሳቅ አለ። «ሚያ ሚያ» አለ፤ መቶ በመቶ፣ ምንም አይወጣለትም ማለቱ ነው። የቶርኖው ደረቱን መታ። «ቆሻሻ ነበር ማለት ነው። ሥራዬን ሰደቡብኝ፣ አያችሁ?» አለ። ቀለበቱን ፈታሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ ለውሃው ኃላፊ በእጁ ሰጠሁት። ለእህቴም አንድ ሳሙና ላክሁላት።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «እትዬ፣ መጣ እኮ» አለችኝ። «ልብሴን አጠብሁ፣ ጸጉሬን ታጠብሁ። ለሰዉ ሁሉ የያዘችው እህቴ ናት እያልሁ ነው። ወረፋ እየለቀቁልኝ ነው ባንቺ።»

«አትዋሺ።»

«ሁለት ሴቶች ለቀዋል። ሦስተኛዋ እምቢ አለች፣ እህትሽ መሐንዲስ ካልሆነች አልለቅም ብላ።»

ሳቅሁ። አየሽ፣ ያን ጊዜ ስቄያለሁ። ደግ ሠራሁ ብዬ ነበር። የጸጉር ግማሽ ምን ይሆናል ብዬ ነበር።

ውሃው የመጣው ለአራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ቀለበቱ ዘንጉን ነክሶ ያዘው፣ ሞተሩ እየታገለ ተቃጠለ። በፊት የጎደለ ቀለበት ብቻ ነበር፤ አሁን ሞተሩም ጎደለ። ዝናቡም ያን ቀን ነው በደንብ የገባው። በታንከር ውሃ ያመጣሉ ተባለ፣ ታንከሩ ዶካ ደርሶ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኾሩ። ኾሩ ሲሞላ የካምፑን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወርድ፣ እኔ አውቀዋለሁ እንዴት እንደሆነ።

ስደውል ስልኩን አቀበሏት፣ ድምጿ ቀጠነብኝ። «ትንሽ ሆዴን ነው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ሆኗል፣ አትስጊ።» በማግስቱ ስደውል ያነሳችው ሌላ ሴት ናት፣ ባለስልኳ። «ግሉኮስ ሰክተውላታል፤ ከቻሉ ይምጡ» አለችኝ።

ቤቴን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። እስከ ዶካ በአውቶቡስ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ሁሉ እጄን ዘረጋሁ። ወደ ባሱንዳ የሚገባ ሎሪ ነበር፣ እሱ አይሆነኝም። አንድ የእርሻ ትራክተር ተሳቢው ላይ አሳፈረኝ። ጎማው ጭቃውን እየጠቀለለ ይቆማል፣ ወርደው ይጠርጉለታል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። እግር በጭቃው ተነክሮ ሲወጣ ጫማው አይወጣም። ከጭቃው መሀል አደርን። እኔ አላህን የለመንሁት እንዳትሞት አይደለም። ሳትሞት ልድረስና ልንገራት ብዬ ነው የለመንሁት።

አሥር ሲሆን ደረስሁ፤ ጠዋት ቀብረዋታል። በዚያ በሽታ የሞተ አይቆይም፣ እጥበቱም በመድኃኒት ነው፣ በቶሎ ነው። መቃብሯን ያሳየኝ የውሃው ኃላፊ ነው። አፈሩ ገና አልጠጠረም፣ በላዩ ውሃ ቋጥሯል። በእጄ ልጠርገው ሞከርሁ፤ ብጠርገው ብጠርገው ተመልሶ ይሞላል። «ይተዉት እናቴ፣ ዝናብ ነው» አለኝ።

ስመለስ ያው ሰውዬ አንድ ነገር በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀለበቱ ነው። «አዲስ እንዲሠሩልን ይህንን ያሳዩልኝ፣ ከርስዎ የቀረበ መልእክተኛ የለንም» አለኝ። ጉያዬ ውስጥ አደረግሁት። ተሳቢው ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ልጥለው ፈለግሁ። ያን ጥቁር ጭቃ የሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ አንዴ የገባበትን ማንም አያገኘውም። እጄን አውጥቼ ያዝሁትና መልሼ አስገባሁት።

ወርሻ ሲያዩኝ ሁሉም ተነሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ቀሩልኝ፣ ለሟች የሚባለውን ዱዓ። ከዚያ ቀለበቱን ሰጠኋቸው። ባሽሙሃንዲሱ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። ውስጡ በሁለት ትይዩ ጎን ብቻ ታርሷል፣ ጥቁር ሆኖ ነዷል። በሌላው በሁለቱ ጎን የቶርኖው ጭረት እንዳለ ነው፣ ዘንጉ አልነካውም። ለመለካት ምን ያስፈልጋል፣ ለኔም ታየኝ፤ እንቁላል ነበር።

«ይህ እኔ የለካሁት አይደለም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ የቶርኖው።

«የለካሁት ክብ ነው። ሁለት ሠርተህ ነበር፤ የወደቀውን ላክኸው።»

«ነሐሱ አንድ ነው ብዬህ የለም? ከየት አምጥቼ ሁለት እሠራለሁ? ሚያ ሚያ ያልኸው አንተ።»

«እንግዲያ ስንት ሰው እንደሞተ ታውቃለህ?»

የቶርኖው እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ እጁን ነው የሚጠርግ። ልብሱን ከሚስማሩ አወረደ። ሊሄድ ነው። አራት ልጆች አሉት።

«ያጠበቅሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

አልሰሙኝም መሰለኝ። እንደገና ባረብኛ አልሁት። «እናንተ ልትሰግዱ ስትወጡ ሩብ ዙር ጨመርሁበት። ሁለት ጣት ያልሁህ ዋሽቼ ነው።»

ባሽሙሃንዲሱ ቀለበቱን በሁለት ጣቱ መሀል አድርጎ ቀስ ብሎ ጫን አለው፣ ለቀቀው። ጫን አለው፣ ለቀቀው። «በረዥሙ ጎኑ ነው የያዝሽው» አለ። «ሞርሳው ክብ አደረገው። ስትፈቺው ተመለሰ።» እንደ ቁጣም አይደለም፤ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነው። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ፈትቼ መልሼ መለካት ነበረብኝ» አለ በኋላ። «ክብ ሲሆንልኝ ደስ አለኝና ተውሁት።» ወጥቶ ሄደ፣ ያን ቀን አልተመለሰም።

የቶርኖው ልብሱን ይዞ እንደቆመ ነው። «እማማ፣ ለኔ ብለው ነው እንዲህ ያሉ?» አለኝ።

«አይደለም» አልሁት።

ልብሱን መልሶ ሰቀለ። ብዙ ቀን አላናገረኝም። እኔም አልፈረድሁበትም።

መንገዱ ሲደርቅ ነሐሱ ከፖርት ሱዳን መጣ፣ ለካምፑ አዲስ ሞተር ተገኘ። ቀለበቱ ሲሠራ እኔ ናፍጣዬ ላይ ነበርሁ፣ እጠርጋለሁ እንጂ ወደዚያ ክፍል አልገባም። ባሽሙሃንዲሱ በሩን ከፍቶ ጠራኝ።

«ሃቦባ፣ ነይ ያዢው።»

«ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ሌላ ሰው አጥብቆ እንዴት እንደሚያሳስት አያውቅም» አለኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

ገባሁ። በሁለት ጣት ያዝሁት፣ እምቢ ሲለኝ አቆምሁ። መርፌዋ ዞረች። ከዚያ «ፍቺው» አለኝ፣ ፈታሁት፤ «አዙረሽ ያዢው» አለኝ፣ አዙሬ ያዝሁት። ሦስት ጊዜ እንዲያ አደረግን፣ ሦስቱንም ጊዜ ክብ ነው። የቶርኖው ከበሩ ሆኖ ያያል። ደረቱን አልመታም። ያ ቀለበት ዛሬም አለ፣ ውሃው ይወጣል፣ ሰዉ ይጠጣል። ሲነግሩኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

አዲሱን ቀለበት የያዝሁ ዕለት ከወርሻ ስገባ ጎረቤቴ አጥሩ በር ላይ አገኘችኝ። የቋራ ሴት ናት፣ ገበያው ውስጥ ሻይ ትሸጣለች፣ ከኔ ጋር ያረጀች ናት። በርጩማዋን ከጥላው አውጥታ ሰጠችኝና ፊቴን አየችው።

«ዛሬ ደሞ ምን ሆነሻል? እንደ ተፈታ ጆንያ» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን እህቴ በሆድ በሽታ ሞተች እንጂ ሌላውን አልነገርኋትም ነበር። ያን ቀን ነገርኋት። ጣሳውን፣ ሞርሳውን፣ ሁለት ጣት ብዬ መዋሸቴን፣ ከመቃብሯ ላይ ያለውን ውሃ፣ ሁሉንም። የሻይ ብርጭቆዎቿን በጨርቅ እያደረቀች ነው የምትሰማ፤ አንዷን ብርጭቆ ደርቃም ታደርቃታለች። አንዴም አላቋረጠችኝም፣ እሷ ሰው የማታስጨርስ።

ስጨርስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አታጥብቂ ብለውኝ ቢሆን፣ እሺ እል ነበር» አለችኝ። «እነሱ ሲወጡ ግን፣ እኔ ብሆን እስኪሰነጠቅ ነበር የማጠብቀው።»